ድምፁ ለምን ምስሉን ይጠብቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ወጣት ክራር ተጫዋች ከላፕቶፑ ጋር ሲጫወት አየሁ። የክራሩ ድምፅ በሳውንድ ካርድ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ፕሮግራሙ እያዳመጠ ግድግዳው ላይ መስመርና ቀለም ይሥላል። ክሩ ሲመታ መስመሩ ይወጠራል፣ ሲለቀቅ ይበታተናል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ምስሉ እየተወሳሰበ ሲሄድ ግን ድምፁ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ፤ ቆይቶም ጨርሶ ተቆራረጠ። ልጁ ፕሮጀክተሩን አጥፍቶ በክራሩ ብቻ ጨረሰ።

በዚህ አዘንኩ። የተናደድኩት ከዝግጅቱ በኋላ ነው። የከበቡት ሁሉ በአንድ አፍ «አዲስ ላፕቶፕ ግዛ» አሉት። አንዱ ደግሞ «በነፃ በወረደ ሶፍትዌር ምን ልትሠራ ኖሯል?» ብሎ ጨመረበት። የዚህ ዓምድ ደንበኞች «ግዛ» ከሚለው መድኃኒት ጋር ያለኝን ጠብ ያውቁታል። ዛሬም አልታረቅንም።

ልጁ የሚሠራበት ፕሮግራም ፒዩር ዳታ ነው፤ ለምስሉ ጄም የተባለውን ተጨማሪ ይጠቀማል። ፒዩር ዳታን የጻፈው ሚለር ፓኬት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ኢርካም በተባለው የሙዚቃ ምርምር ተቋም ማክስ የተባለውን ፕሮግራም የጀመረው ያው ሰው። በነፃ መገኘቱ ጥራቱን አይቀንሰውም። ከውጭ አገር የሚገዛበት ካርድ ለሌለው የአዲስ አበባ ተማሪ ደግሞ ወደዚህ ሙያ መግቢያው በር ይኸው ነው። ገንዘብ የሚከፈልበት ማክስም ቢሆን ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም፤ ከባድ ስሌት ድምፁ በሚሠራበት መስመር ላይ እንዲሄድ ከፈቀዱለት እሱም ይቆራረጣል።

የልጁ ችግር የት ጋ ነው? ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 48,000 ቁጥር ሆኖ ይሄዳል። ፒዩር ዳታ እነዚህን ቁጥሮች 64፣ 64 እያደረገ ያሰላቸዋል፤ አንዱ ስብስብ 1.3 ሚሊሰኮንድ ያህል ድምፅ ነው። የተሰላው ቡፈር በሚባል ማቆያ ውስጥ ይጠራቀምና ሳውንድ ካርዱ ከዚያ እየቀዳ ያወጣዋል። ቡፈሩ 512 ቁጥር ከያዘ ወደ 11 ሚሊሰኮንድ የሚጠጋ ስንቅ አለው ማለት ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ግን ከአንዱ ፍሬም እስከ ሌላው 16.7 ሚሊሰኮንድ ይወስዳል። የፒዩር ዳታ ድምፅና የጄም ሥዕል የሚሠሩት ደግሞ በአንድ ተራ ነው። ሥዕሉ ስክሪኑ እስኪታደስ ልጠብቅ ብሎ ሲቆም ድምፁም ከኋላው ይቆማል። የ11 ሚሊሰኮንድ ስንቅ ለ16.7 ሚሊሰኮንድ መንገድ አይበቃም። ጠቅ የሚለው ስንቁ ባለቀበት ቦታ ነው።

«አዲስ ግዛ» ባዮች ይህን ይስሙልኝ፦ በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት ላይሆን ይችላል፤ ተራ እየጠበቀ ሥራ ፈትቶ ሊሆንም ይችላል። እጥፍ የሚፈጥን ኮምፒውተር ቢገዛስ? ስክሪኑ ያው በሴኮንድ 60 ጊዜ ነው የሚታደሰው፤ ድምፁም ያው ከኋላው ይቆማል።

መፍትሔው ምንም አያስከፍልም። ፒዩር ዳታ ሁለት ጊዜ ይከፈት፤ አንደኛው ድምፁን ብቻ፣ ሁለተኛው ምስሉን ብቻ ይሥራ። ሁለቱ ኔትሴንድና ኔትሪሲቭ በሚባሉት መላላኪያዎች እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ይነጋገሩ። ምስሉ የድምፁን ጉልበት የምትነግር አንዲት ቁጥር በሴኮንድ 25 ጊዜ ከደረሰችው ይበቃዋል። ሥዕሉም በ25 ፍሬም ይሂድ፤ ሲኒማ በ24 ፍሬም ስንት ዘመን ኖሯል። ፎቶና ቪዲዮ ካለ ከመድረክ በፊት ይጫን፤ በጨዋታ መሀል ከዲስክ የሚጎተት ትልቅ ፎቶ ብቻውን ተራውን ይዘጋል። ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ።

ቡፈሩን አሳድግ የሚሉም አሉ። ለተቀዳ ሙዚቃ እስማማለሁ። 2,048 ቢያደርገው ግን ቡፈሩ ብቻውን ወደ 43 ሚሊሰኮንድ ያዘገየዋል፤ ክራር የሚመታ ሰው ጣቱ ከጆሮው ሲቀድም ምቱ ይጠፋበታል።

ወረፋ የሚያበላሸው ሥራ የአርቲስት ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የተባለች መንኮራኩር ኮምፒውተሯ እየደጋገመ ራሱን ያጠፋና ያስነሳ ነበር። ምክንያቱ ተገኘ፦ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ሥራ ሁሉም በየተራ የሚይዙትን የጋራ ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛ ሥራ ይቀድመዋል፤ ከሁሉ በላይ አስቸኳዩ ሥራ ቁልፉን ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልፍበታል። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባስቀሩት አምሳያዋ ላይ ጥፋቱ እስኪደገም ሞከሩት፤ ከዚያም ቅንብሩን ከምድር ሆነው ቀየሩት። ማርስ ድረስ አዲስ ኮምፒውተር የሚልክ አልነበረም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከሶፍትዌሩ ያልፋል። ዓይን ይቅር ባይ ነው፤ አንድ ፍሬም ቢዘለል አብዛኛው ተመልካች አያውቀውም። ጆሮ አንዲት የጎደለች ስብስብ እንኳ ይሰማል። ሆኖም አዳራሾቻችን ውስጥ ገንዘቡ የሚሄደው ለዓይን ነው። ስክሪኑ በየዓመቱ ይሰፋል፤ የድምፅ ባለሙያው የሚጠራው ወንበር ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ቅዳሜ ሳውንድ ቼክ የተደረገው ፕሮጀክተሩ ሳይበራ ነበር። ልጁ ቤቱ የተለማመደው 640 በ480 በሆነች ትንሽ መስኮት ነው፤ 307,200 ነጥብ ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያው ሥዕል 1,920 በ1,080 ሆነ፤ ከ2 ሚሊዮን ነጥብ በላይ። በዚህ መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው ሰው ፊት ነው። ይህንን ልጁ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለአዘጋጆች ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ በሩ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሙሉ ሰዓት ስጡ፤ ፕሮጀክተሩ በርቶ፣ ምስሉ በሙሉ መጠኑ እየሄደ፣ የድምፅ ባለሙያውም እዚያው ቆሞ። ሰዓቱንም እንግዳ ተናጋሪው በሚጻፍበት ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ያልተጻፈውን ሰዓት ንግግር ሲበላው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።