በሰው አገር ታክሲ ሲሳፈሩ

ለትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ከመነሣቱ በፊት የሚያስብባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ስለ ፓስፖርቱና ስለ ቪዛው፣ ስለ ብርዱና ስለ ካፖርቱ ይጠይቃል፤ ያጠያይቃል። ነገር ግን ከአይሮፕላን ጣቢያ እስከ ማደሪያው ስለሚያደርሰው መኪና የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ልንመለከት ያሰብነው ይህንኑ አጭር መንገድ ነው። መንገዱ አጭር ይሁን እንጂ፣ እንግዳ ሰው ሰፈሩን ሳያውቅ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሻንጣውንና ገንዘቡን እንደ ያዘ ራሱን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ የሚሰጥበት ሰዓት ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ራይድ ወይም ፈረስ በስልኩ ጠርቶ መሳፈርን የለመደ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በአገሩ ያለ ሰው ሾፌሩ መንገድ ቢስት «በዚህ በኩል ነው» ይላል፤ ክፉ ነገር ቢመጣም የሚገባበት ደጅ አያጣም። በሰው አገር ይህ የለም። በዚህ ፈንታ የሚረዳው የተሳፈረበት መኪና በመዝገብ የተጻፈ፣ ሾፌሩም ማን እንደ ሆነ ኋላ ሊታወቅና ሊጠየቅ የሚችል መሆኑ ነው።

ለዚህ የለንደን ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። በለንደን ሁለት ዓይነት ታክሲ አለ። አንደኛው ጥቁር ታክሲ የሚባለው ነው። የዚህ ሾፌር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ከ1865 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ አለበት (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን)፤ ፈተናውም ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በ6 ማይል ክልል ውስጥ ያሉትን 25,000 ያህል ጎዳናዎች በቃል ማወቅ ነው። ጥናቱ ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጅባቸው አሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከመውጣት የሚያንስ አይደለም። ይህን ታክሲ በመንገድ ላይ እጅን አንሥቶ ማስቆም ይቻላል። ሁለተኛው ሚኒካብ የሚባለው ነው፤ ኡበርም በሕግ ዓይን የሚቈጠረው ከዚሁ ወገን ነው። ሚኒካብ ግን አስቀድሞ በኩባንያው በኩል ካልተጠራ በቀር ሰው እንዳይጭን ሕግ ይከለክለዋል። ስለዚህ ከጭፈራ ቤት በር ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠራ ሚኒካብ፣ ሾፌሩ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ፣ የዚያ ጕዞ መዝገብ የለውም፤ ኢንሹራንሱም አይጸናም።

እንግዲህ በስልክ የተጠራ መኪና ሁሉ ደኅና ነው ማለት ነውን? እንዲህም አይደለም። በ2019 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር የለንደን የመጓጓዣ ባለሥልጣን የኡበርን ፈቃድ አላድስም ያለው፣ ያልተፈቀደላቸው ሾፌሮች የራሳቸውን ፎቶግራፍ በሌሎች ሾፌሮች መዝገብ ላይ እያስገቡ ቢያንስ 14,000 ጕዞ አድርገው በመገኘታቸው ነበር። ኩባንያው በ2020 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ተከራክሮ የ18 ወር ፈቃድ አግኝቷል። ነገሩን ልብ እንበል፤ ፎቶግራፉ ከሾፌሩ ፊት ጋር ይስማማል፣ ስሙና ፈቃዱ ግን የሌላ ሰው ነው። ይህን ተንኰል ተሳፋሪው በዓይኑ ሊያገኘው አይችልም፤ የሚጠየቁበት ኩባንያውና ተቈጣጣሪው ናቸው።

ተሳፋሪው ራሱ ሊመለከተው የሚችለውን ደግሞ የአሜሪካው አሳዛኝ ነገር ያስረዳናል። በ2019 ዓ.ም. በማርች ወር በሳውዝ ካሮላይና፣ በኮሎምቢያ ከተማ፣ አንዲት የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌሊት ኡበር ጠርታ ስትጠብቅ፣ አጠገቧ የቆመ ሌላ መኪና የጠራችው መስሏት ገባች። የኋላው በር ከውስጥ እንዳይከፈት ለሕፃናት በሚሠራው ቍልፍ ተቈልፎ ነበር። ሬሳዋ ከከተማው ርቆ ተገኘ፤ ገዳይዋም በ2021 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። በዚያ ግዛት መኪና ታርጋ የሚለጠፍበት ከኋላ ብቻ ስለ ነበረ፣ በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉ መኪናዎች የታርጋ ቍጥራቸውን ከፊት እንዲያሳዩ ሕግ ወጣ።

እንግዲህ በሩ ከመከፈቱ በፊት ታርጋውን በስልኩ ላይ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያም «እኔ እገሌ ነኝ» ከማለት ይልቅ «ማንን ልትወስድ መጣህ?» ብሎ ሾፌሩን መጠየቅ ይሻላል፤ ስማችንን ከነገርነውማ አዎን ማለት ማንን ያቅተዋል? እኛ ኢትዮጵያውያን በዕድሜ የሚበልጠንን ሰው እንዲህ መመርመር ነውር ይመስለናል። በዚያ አገር ግን የተለመደ ነው፤ ደኅናው ሾፌር አይቀየምም። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ታክሲ የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉና ድንገት በአማርኛ ሰላምታ የሚሰጠን ይገጥመን ይሆናል። የአገር ልጅ ማግኘት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ታርጋውን ማየትና የዋጋ መቍጠሪያው መከፈቱን መመልከት ለእርሱም አይቀርም።

ሌላም ችግር አለ፤ ይህም ይልቁንም የእኛን ሰው የሚመለከት ነው። በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች የኡበር ዋጋ የሚከፈለው በባንክ ካርድ ነው፤ የውሎ አበሉን በጥሬ ዶላር የያዘ ወጣት ሹም ግን እዚያ የሚሠራ ካርድ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው እንግዳ ከአዳራሹ ሲወጣ ሻንጣውን ተቀብሎ «በዶላር እወስድሃለሁ» የሚል ሰው እንደ ወንድም ይታየዋል። ሰውየውን አመስግኖ ማለፍና ወደ ታክሲ ሰልፉ መሄድ ነው። በኒውዮርክ ከኬኔዲ አይሮፕላን ጣቢያ እስከ ማንሃታን የቢጫው ታክሲ ዋጋ በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ በ70 ዶላር ተወስኗል፤ የመንገድ ቀረጥ፣ ሌሎች ጭማሪዎችና ጉርሻ ከዚህ በላይ ናቸው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው 150 ዶላር ሲጠየቅ ምን እንደ ቀረበለት ይገባዋል። የማደሪያውንም አድራሻ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይገባል፤ ከረጅም በረራ በኋላ ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላልና። ገንዘቡንም በትናንሽ ኖት አስዘርዝሮ መሄድ ነው፤ ለ100 ዶላር መልስ የሚሰጥ ሾፌር በሌሊት አይገኝም።