«እማዬ፣ አንድ ዓመት አይስላንድ ልሂድ»

የሃይስኩል ምረቃ ወቅት ደርሷል። ጋውኑ ተሰቅሏል፣ ድፎውም ዶሮውም ታስቧል፣ ለዘመድ አዝማድ ተነግሯል። ልክ በዚህ ሰሞን በአንዳንድ ቤት ያልተጠበቀ ጥያቄ ብቅ ይላል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን ጥላ፣ «እማዬ፣ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አንድ ዓመት አይስላንድ ሄጄ በበጎ ፈቃድ ላገልግል» ትላለች። ስዊድን ወይም ዴንማርክም ልትል ትችላለች። ከእናት አፍ መጀመሪያ የሚወጣው «ያለ ደመወዝ?» የሚል ነው። አባት ደግሞ «እኛ እዚህ ድረስ የመጣነው አንቺ አይስላንድ እንድትሄጂ ነው እንዴ?» ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። እኔም ዛሬ «ፍቀዱ» ወይም «ከልክሉ» ልላችሁ አይደለም የተነሣሁት። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ምን ምን መታየት እንዳለበት እናውራ ብዬ ነው። ነገሩ በችኮላ ከተያዘ ስኮላርሺፕም፣ ግሪን ካርድም፣ የእናትና የልጅ ሰላምም ሊያስከፍል ይችላል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም

ብዙዎቻችን ይሄን «ጋፕ ይር» የሚሉትን ነገር የፈረንጅ ልጆች ቅንጦት አድርገን ነው የምናየው። ግን የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወጥተው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ስንት ልጅ አገሩን ያወቀው በዚያ ዓመት ነው።

ወደ እኛም የመጡ አሉ። በ1962 የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ሲገቡ ከ270 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው። በየክፍለ ሀገሩ ሃይስኩል የተማረ ሰው ቤታችሁ ካለ ጠይቁት፤ የአንዱን ፒስ ኮር ስም ሳያነሣ አይቀርም። ስዊድኖችም በ1960ዎቹ ወጣት በጎ ፈቃደኞቻቸውን ልከው በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያሠሩ ነበር። የእነዚያ ልጆች እናቶችም በስቶክሆልም ሆነ በሚኒሶታ «ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው ሳያለቅሱ አልቀሩም።

ደግሞ ሌላ ትዝታ አለን። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። የሃይስኩል ልጆችም ነበሩበት። ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ ከገበሬው ጋር የኖሩ አሉ፤ ሳይመለሱ የቀሩም አሉ። ያኔ «አልሄድም» ማለት አይቻልም ነበር። ስለዚህ አያት «ልጅቷ ለአንድ ዓመት ልትሄድ ነው» ሲባሉ ፊታቸው ከተለወጠ ምክንያት አላቸው ማለት ነው። ይሄንን ለልጃችሁ ንገሯት። «አይሆንም» ብቻ ከሆነ የምትሰማው፣ ያልገባችሁ ይመስላታል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ስታውቅ ግን ቢያንስ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቃለች።

በየት በኩል ይኬዳል?

ኖርዲክ የሚባሉት አገሮች አምስት ናቸው፤ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ፊንላንድና አይስላንድ። አምስቱም በሸንገን ስምምነት ውስጥ ናቸው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ የሚቆየው ግን በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። «ገብቼ እዚያው እጨርሰዋለሁ» የሚባል ነገር እንዳትሰሙ፤ ለአንድ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ግድ ነው፣ የሚጠየቀውም ከመሄድ በፊት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የምትጓዝ ልጅ ደግሞ ለአጭር ጉብኝትም ቢሆን ቪዛ ያስፈልጋታል።

ዴንማርክና አይስላንድ ለበጎ ፈቃደኞች የተለየ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣሉ። ግን የሚጠራት ድርጅት መኖር አለበት፤ ሥራውም በእርዳታ ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት መስክ መሆን አለበት። እያንዳንዱ አገር የራሱ ዝርዝር ስላለው፣ ከጓደኛ የተሰማውን ትታችሁ የዚያኑ አገር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አብራችሁ አንብቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት «ዩሮፒያን ሶሊዳሪቲ ኮር» የሚባል ፕሮግራም አለው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል፤ መጓጓዣውን ያግዛል፣ ማደሪያና ምግብ፣ ኢንሹራንስና የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ማስታወቂያውን ያየ ልጅ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም። ነገር ግን ፕሮግራሙ በዋናነት በአባል አገሮቹና በተባባሪዎቻቸው ለሚኖሩ ወጣቶች ነው። ስቶክሆልም ያለችው የአክስቷ ልጅ ልትጠቀምበት ትችላለች፤ የኦበርኗ ልጃችሁ ግን አትችልም። ይሄን ቀድሞ ማወቅ የስድስት ወር ተስፋና ጭቅጭቅ ያድናል።

«ኦ ፔር» የሚባለውም በጎ ፈቃድ አይደለም። ሰው ቤት እየኖሩ ልጅ መጠበቅና ቤት ማገዝ ነው። ኖርዌይ በ2024 ጨርሳ አስቁማዋለች። ልጃችሁ «ኦ ፔር» የሚል ቃል ከጠራች፣ ስለሌላ ነገር እያወራችሁ መሆኑን እወቁ።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ስሙ «ፎልክ ሃይስኩል» ይባላል፤ የመጀመሪያው ዴንማርክ ውስጥ የተከፈተው በ1844 ነው። ስሙ እንደኛው ሃይስኩል ቢመስልም ለወጣት አዋቂዎች የተዘጋጀ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ፈተናም ዲግሪም የለውም። ሄልሲንግዮር ያለው ኢንተርናሽናል ፒፕልስ ኮሌጅ ከ1921 ጀምሮ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶችን ያስተምራል፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ክፍያ ግን አለው። ስለዚህ «ነፃ ነው» ብላ ከመጣች ሂሳቡን አብራችሁ አውጡት።

«እሺ» ከማለታችሁ በፊት አራት ወረቀት

አንደኛ፣ የኮሌጁ። ኮሌጅ የተቀበላት ከሆነ ቦታዋን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይላት ትጠይቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። በስልክ «ችግር የለም» ያለው ሰው በዓመቱ እዚያ ላይኖር ይችላል። ስኮላርሺፑም ራሱን ችሎ ይጠየቅ። በተለይ የዋሽንግተን «ኮሌጅ ባውንድ» ያላቸው ልጆች ከሃይስኩል በተመረቁ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ኮሌጅ መጀመር ይጠበቅባቸዋል። ሄዳ «ሦስት ወር ልጨምር» ብትል የአራት ዓመት ገንዘብ ልታጣ ትችላለች። እዚሁ ኦበርን ግሪን ሪቨር ኮሌጅ መግባት ለምትፈልግ ልጅ ቦታ ማግኘቱ ይቀላል፤ የገንዘብ እርዳታው ቀን ግን ያው ነው።

ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ። ግሪን ካርድ ያላት ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ የምትቆይ ከሆነ፣ ከመሄዷ በፊት እዚሁ ሆና የመመለሻ ፈቃድ መጠየቅ አለባት። ከስድስት ወር በላይ መቆየትም የዜግነት ማመልከቻዋን ጊዜ ሊያበላሽባት ይችላል። በሌላ በኩል፣ ከ18 ዓመት በታች ሳለች፣ ግሪን ካርድ ኖሯት፣ በእናንተ አሳዳጊነት አብራችሁ እየኖረች እናንተ ዜጋ ሆናችሁ ከሆነ፣ እሷም በራሱ ዜጋ ሆናለች ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይሄን ሳያውቅ ዓመታት ያልፉታል። እንዲያ ከሆነ ፓስፖርቷን አውጡላት። ጥርጣሬ ካለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ አንድ ጊዜ መቀመጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የጤና ኢንሹራንስ። አፕል ኸልዝ ውጭ አገር አይከፍልም። ተቀባዩ ድርጅት ኢንሹራንስ እገዛለሁ ካለ ወረቀቱን አይታችሁ እመኑ።

አራተኛ፣ የተቀባዩ ድርጅት ደብዳቤ። ምን ሥራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ማደሪያው የት፣ ከማን ጋር፣ ምግቡ በማን፣ ቢከፋት ወይም ብትታመም የምትደውልለት ሰው ማን? ይህ ሁሉ ተጽፎ መምጣት አለበት። ቀድሞ እዚያ ያገለገለ ወጣት ካለ ስልኩን ጠይቁና ልጃችሁ ራሷ ታናግረው። «መመዝገቢያውን በግለሰብ ስም ላኩ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ነገሩን እዚያው ተዉት።

ቤቱስ?

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማንናገረው እንምጣ። በብዙ ቤታችን ትልቋ ልጅ ልጅ ብቻ አይደለችም። በፖስታ የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነብ እሷ ናት። ሐኪም ቤት የምታስተረጉም፣ ትንሹን ወንድሟን ከኳስ ልምምድ የምታመጣ፣ የአያቷን መድኃኒት የምታስሞላ እሷው ናት። ቅዳሜና እሁድ ሠርታ ለቤት ኪራይ የምታዋጣም አለች። «አንድ ዓመት ልሂድ» ስትል እናት የምትደነግጠው ስለ አይስላንድ ብርድ ብቻ አይመስለኝም።

ይሄን ደብቀን «ለትምህርትሽ አስበን ነው» ብንላት ይገባታል። ይልቅ ወረቀት አውጥታችሁ የምትሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉት። አንዳንዱን ታናሽ ወንድሟ ሊይዘው ይችላል፤ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ደብዳቤ ማንበብ አያቅተውም። ለሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ በነፃ ነው የሚቀርበው። አንዳንዱ ነገር ግን የሚተካ ላይሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ በግልጽ ንገሯት፤ «ዘንድሮ አንችልም፣ በሚቀጥለው እናያለን» ማለት ነውር የለውም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ኮሌጅ ራቅ ብላ ብትገባም ይሄው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

እዚያ ምን ይጠብቃታል?

የሲያትል ክረምት ጨለማ ነው የምትሉ፣ ጥንካሬያችሁን አስቀምጡ። በታኅሣሥ አጋማሽ እኛ ጋ ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ስቶክሆልም ስድስት ሰዓት፣ ሬይካቪክ ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ። ሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ ከነጭራሹ አትወጣም። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ብቸኝነት የሚያጠቃት ልጅ ከሆነች ታስቦበት ይኬድ። ከዚህ በፊት በጭንቀት የታመመች ከሆነ ሐኪሟን ሳታማክሩ ትኬት አትቁረጡ።

ሰዉ ዝምተኛ ነው ይባላል። ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ ላይጠራት ይችላል። በትንሽ ከተማ ጥቁር ሰው እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ይሄንንም ቀድማችሁ አውሩት። ደግነቱ በትልልቆቹ ከተሞች፣ በተለይ በስዊድንና በኖርዌይ፣ ሐበሻ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እንጀራውም ይገኛል። ሽሮና በርበሬ ጠቅልሉላት። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን አታስይዟት፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ በሻንጣ አያስገቡም፣ ኤርፖርት ላይ ይጣላል።

ነገሩን ሳትርቁ መቅመስም ይቻላል። ባላርድ ያለው ናሽናል ኖርዲክ ሙዚየም ከኦበርን የአንድ ከሰዓት መንገድ ነው። ከስደተኛነት ወደ ሲያትል የመጡት ስካንዲኔቪያውያን ምን ይዘው እንደመጡ፣ ምን እንደጣሉ ያሳያል። የእነሱም አያቶች «ልጆቻችን ቋንቋችንን ረሱ» እያሉ ሲጨነቁ ኖረዋል። አብራችሁ ሂዱ፤ ወሬ መክፈቻ ይሆናችኋል።

ባይሆንስ?

ወረቀቱ ካልተሟላ ወይም ልባችሁ ካልፈቀደ፣ «አይሆንም» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። የዋሽንግተን ኮንሰርቬሽን ኮር ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ወንዝና ጫካ ላይ ያሠራል፤ በአሜሪኮር በኩል ለሚያገለግሉ ደግሞ ክፍያም፣ ለትምህርት የሚውል ገንዘብም አለ። ገና ሃይስኩል ያለች ታናሽ እህት ካለች፣ ሮታሪ ከ15 ዓመት ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች በቤተሰብ ዘንድ እያኖረ የሚያስተምር የልውውጥ ፕሮግራም አለው።

ልጅቷንም ሦስት ነገር ጠይቋት። ለምን ያንን አገር? እዚያ ያሉ ሰዎች ከአንቺ ምን ይጠቀማሉ? ስትመለሺ በመጀመሪያው ሳምንት የት ትመዘገቢያለሽ? ሦስቱንም በደንብ ከመለሰች አስባበታለች ማለት ነው። ካልመለሰች ደግሞ አትሳቁባት፤ አንድ ወር ስጧትና አጥንታ ትምጣ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። 18 ዓመት የሞላት ልጅ በሕግ ፊርማችሁ አያስፈልጋትም። ትኬቷን ቆርጣ፣ ከሲታክ በቀጥታ ሬይካቪክ በሚበርረው አውሮፕላን ተሳፍራ መሄድ ትችላለች። ይሄን እያወቀች ግን ቦርሳዋን ጥላ መጥታ ጠይቃችኋለች። የፈለገችው ፈቃድ ሳይሆን ምርቃት ነው። ትሂድም ትቅርም፣ ምርቃቱን አትንፈጓት።

መልካም ምረቃ!