ውሃ የማትለምን አበባ

በበጋ ወራት ደጃፉን በአበባ ለማስጌጥ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ የሚያሳስበው ነገር አለ፤ ይኸውም ውሃ ነው። ለጓዳ የሚሆነው ውሃ እንኳ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት፥ ለአበባ ተብሎ ባልዲ ሲያመላልሱ መዋል ለቤቱ እመቤትም ለሠራተኞችዋም ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስተዋውቅ የወደድነው፥ ፀሐይን የምትወድ ጥማትንም የምትችል አንዲት አበባ ናት።

እንግሊዞች ያሮው ይሏታል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ አኪሊያ ሚሌፎሊየም ብለው ሰይመዋታል። የፊተኛው ስም አኪሌስ ከተባለው ከጥንቱ የግሪክ ጀግና የመጣ ነው፤ የወታደሮቹን ቍስል በዚህች ቅጠል ያክም ነበር ተብሎ ይተረካልና። ሁለተኛው በላቲን ቋንቋ ሺሕ ቅጠል ማለት ነው፤ እንደ ወፍ ላባ የተሰነጣጠቀውን ቅጠልዋን ያየ ሰው፥ ስሙ በከንቱ እንዳልተሰጣት ያስተውላል። ጥቃቅኑ አበባዋ በአንድነት ተሰብስቦ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዱር የምትበቅለው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ስትሆን፥ አትክልተኞች ከዘመዶችዋ ጋር እያዳቀሉ ቢጫም ቀይም አውጥተዋል። አንድ ጊዜ ከተተከለች ከዓመት ዓመት ከሥሯ ታቈጠቍጣለች።

እንዲህ ያሉትን አበቦች ያለ ውሃ በማሳደግ ስማቸው የተጠራው፥ ወይዘሮ ቤዝ ቻቶ የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። የአትክልት ቦታቸው በኤሴክስ አውራጃ፥ በኮልቸስተር ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። ያ አገር በእንግሊዝ ምድር ዝናብ ካነሰባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በዓመት የሚወርደው 500 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። እኚህ ሴት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የጎብኝዎች አውቶሞቢል ይቆምበት የነበረውን ደረቅ መሬት ቆፍረው አበባ ተከሉበት፤ አፈሩም አሸዋና ጠጠር ነበር። የመደቦቹን ቅርጽ የነደፉት የውሃ ማጠጫ ጎማ በምድር ላይ እያጋደሙ ነው። ጎማው ለዚህ ካገለገለ በኋላ በዚያ ስፍራ ሌላ ሥራ አላገኘም፤ አሳባቸው የትኛው ተክል ያለ ውሃ እንደሚኖር ለማወቅ ነበርና። በ1995 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በድርቅ ስትጐዳም ከውሳኔያቸው አልተመለሱም። የገዛ እጁ የተከለው ሲጠወልግ እያየ እጁን መሰብሰብ ለአትክልተኛ እንዴት ያለ ፈተና እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ወይዘሮዋ በ2018 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ቦታው ግን እስከ ዛሬ ውሃ ሳይጠጣ ያብባል።

አተካከልዋም እንዲህ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበትን ስፍራ መምረጥ ይገባል። ዘርዋ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ለመብቀል ብርሃን ይሻልና፥ በአፈር ላይ በትኖ በእጅ ጫን ማድረግ እንጂ መቅበር አያስፈልግም። ችግኙ በ45 ሳንቲሜትር ርቀት ይተከላል። በመጀመሪያው ዓመት ሥር እስኪሰድድ ድረስ ማጠጣት ግድ ነው፤ ገና ሕፃን ሳለች ጥማት ትችላለች ብሎ መተው ጭካኔ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ይተዋት። እኛ አንድ ጊዜ ቀጥና ብናያት አዝነንላት ፍግ አለበስናት፥ ጧትና ማታም አጠጣናት፤ እርስዋም እስከ ጕልበታችን አደገችና በመጀመሪያው ነፋስ ተጋደመች። የሰባ አፈር ግንዷን ያልፈሰፍሰዋልና። በየሦስት ዓመቱ መሃልዋ ሲራቆት ነቅሎ ሥሯን በመከፋፈል እንደ ገና መትከል መልካም ነው፤ ከመሬት በታች እየተሳበች ጎረቤቶችዋን እንዳታጨናንቅም ይረዳል።

ስለ አገራችንም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አዲስ አበባ በዓመት ከኤሴክስ እጥፍ የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ ነገር ግን አብዛኛው በክረምት ተጠራቅሞ ይወርዳል። ስለዚህ ይህችን አበባ የሚያስፈራት የጥር ፀሐይ ሳይሆን የነሐሴ ጭቃ ነው፤ በመረሬ መሬት ውሃ ሲቋጠር ሥሯ ይበሰብሳል። መደቡን ከምድር ከፍ ማድረግ፥ ጠጠርና አሸዋ መቀላቀል፥ ለጎርፉም ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል።

ቅጠልዋ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካልና ሲቈርጡ ጓንት ማድረግ ይበጃል። ለሳሎን የሚፈለገውን አበባ በደንብ ከፈካ በኋላ ቈርጦ፥ ነፋስ በሚገባበት ጨለማ ክፍል ቍልቍል ቢሰቅሉት፥ ደርቆ ለብዙ ወራት በአበባ ማስቀመጫ ይቆያል።