ፓስወርዱ የማን ነው?



አረፋ ሲደርስ የጉራጌ መንገድ እንዴት እንደሚጨናነቅ ለእናንተ አይነገርም። መርካቶ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል፤ አገናም በዘመድ ትሞላለች። ዋይፋይ ያስገባ ቤት ካለ ደግሞ እንግዳው ጫማውን ሳያወልቅ "ፓስወርዱ ስንት ነው?" ማለቱ አይቀርም። ይህ ነውር አይደለም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በሚጠራበት አገር ኢንተርኔቱን ብቻ ደብቁ ማለት አይቻልም። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

በሦስተኛው ቀን ፓስወርዱ ከአጥር ማዶ ባለ ልጅ ስልክ ላይ ይገኛል። ለእሱ የሰጠው የአክስት ልጅ ነው፤ ለአክስት ልጅ ደግሞ ጓደኛው። የቤቱ ባለቤት ግን ለሁለቱም አልሰጡም። የዛሬ ስልኮች የተገናኙበትን ዋይፋይ በአንድ ንክኪ ወደ ኪውአር ኮድ ይለውጡታል፤ ማካፈል ቀላል ሆነ፣ ባለቤቱን ማስፈቀድ ግን ተረሳ። ከዚህ የባሰው "የነፃ ዋይፋይ ቁልፍ እናገኛለን" የሚሉ አፖች ናቸው። ቁልፉን ከሰማይ አያወርዱትም፤ አንዱ ተጠቃሚ የሌላውን ሰው ፓስወርድ ስለሚያስገባላቸው ነው።

እኔ እንደሚገባኝ የተሰጠን ፓስወርድ አማና ነው። እንድንጠቀምበት ተፈቀደልን እንጂ እንድናድለው አልተፈቀደልንም። ቤቴ ገብታችሁ ቡና ጠጡ ያለ ሰው የጓዳዬን ቁልፍ አስቀርፃችሁ አከፋፍሉ አላለም።

"ያልተገደበ ነው፤ ምን ይጎድልባቸዋል?" የሚል መልስ ሁሌም ይመጣል። ያልተገደበው የሚወርደው መጠን ነው፤ ፍጥነቱ ግን ልኩ የታወቀ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያውም የሚተመነው በእሱ ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በተከፈለበት መስመር ላይ ሃያ ስልክ ሲንጠለጠልና ሁለቱ ፊልም ሲያወርዱ፣ ከሳዑዲ የደወለች ልጃቸውን ፊት ማየት የሚያቅታቸው እናት አሉ። የጎደለው እዚያ ነው። መስመሩም የተመዘገበው በባለቤቱ ስም ነው። አንድ የማያውቁት ሰው በዚያ መስመር ቢያጭበረብር ወይም ቢሳደብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውል የፈረመው ነው። ስለዚህ ፓስወርድ የከለከለንን ሰው ስስታም ለማለት አንቸኩል፤ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ፓስወርዱ 12345678 ስለሆነ ገምተው የገቡትስ? "ክፍት ነበር" ይላሉ። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ካወጡት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደነበሩ አንረሳም። መልሱ ተባሉ። "ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ" ማለት ገንዘቡን የራስ አላደረገውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ የሰው ኔትዎርክ ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ለነገሩ እኛ አዋጁ እስኪወጣ መጠበቅ አልነበረብንም፤ የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት እንደማይቻል ከሱረቱ ኑር ከተማርን ቆይተናል።

ለባለቤቶች አንድ ነገር ልበል። ብዙ ራውተሮች ለእንግዳ የሚሆን የተለየ ኔትዎርክ መክፈት ያስችላሉ። ለአረፋ ከፍቶ እንግዳ ሲሄድ መዝጋት ማንንም አያስቀይምም። የወላጆቻችንን ራውተር እንዲህ አድርገን ማስተካከል ደግሞ የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ነው።

ካፌ ውስጥ ስንገናኝ ጉዳዩ ከሐቅ ወደ ጥንቃቄ ይዞራል። የዋይፋይ ስም ማንም ሰው በስልኩ ሆትስፖት ላይ አስመስሎ ሊጽፈው ይችላል፤ የካፌውን ስም ማየታችሁ የካፌው ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ለንባብና ለቪዲዮ ይሁን፤ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ገንዘብ ስትልኩ ግን ወደ ራሳችሁ ዳታ ተመለሱ። ዋይፋዩ የስልካችሁን ፒን አስገቡ የሚል ገጽ ካመጣ ወዲያው ውጡ።

ዶርም ውስጥ ደግሞ "አንዴ ሆትስፖት ክፈትልኝ፣ ቴሌግራም ብቻ ላይ" የምትል ጥያቄ አለች። የጠየቀው ልጅ አይዋሽም፤ ስልኩ ግን ሆትስፖቱን እንደ ቤት ዋይፋይ ቆጥሮ አፖችን ማደስና ፎቶ ወደ ክላውድ መጫን ሊጀምር ይችላል። ያኔ ለሳምንት የተገዛ ፓኬጅ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ሊያልቅ ይችላል። ጓደኛችሁ አፍሮ ዝም ይላል። በአንድሮይድ ስልክ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ እንደ ሞባይል ዳታ በቁጠባ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ በአይፎን ደግሞ ዝቅተኛ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን አብሩ። ከሆትስፖቱ ጋር እንደተገናኛችሁ ወዲያው ይህን አድርጉ፤ ስትጨርሱም ዋይፋያችሁን አጥፉ።