ለጠባብ ባሕር ጠበኛ አይመረጥም

አንባቢ ሆይ! የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥበት መደብር የገባህ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚጠራህ ቀለም ነው። ሰማያዊው ከቢጫው፣ ቢጫው ከሐምራዊው ጋራ በመስታወቱ ውስጥ ሲተላለፍ ታይና እጅህ ሳታስበው ወደ ኪስህ ይሄዳል። የዛሬው ምክሬ እጅህን እዚያው ኪስህ ውስጥ ጥቂት እንድታቆየው ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ በጨው ውሃ ዓሣ ነገር ሳይማሩ መግዛት የሚያስከፍለው ደመወዝን ብቻ ሳይሆን የፍጥረትንም ሕይወት ነው።

የምንነጋገረው ስለ ባለጸጋ አዳራሽ አይደለም። በአንድ ክፍል የሚኖር ተማሪ ወይም ደመወዙን ቆጥሮ የሚያድር ጸሐፊ ሊያኖረው ስለሚችል፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ 80 ሊትር ስለሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው። ትንሽ መስሎ ቢታይም ውሃው ብቻውን ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመሩበት ማንኛውም የመጻፊያ ጠረጴዛ አይሸከመውም። ይህን የምነግርህ ከበታችህ ላለው ጎረቤት ስል ጭምር ነው።

ስለ ውሃው ባጭሩ ልናገር። ኮራል ዕፅ ወይም ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ለዓሣውም ለኮራሉም መስማማት አለበት። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀው የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል ይገባል፤ ሙቀቱም 25 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ውሃው በተነነ ጊዜ ጨው አትጨምር፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ስለ ሆነ የምትሞላውም ንጹሕ ውሃ ነው። ከሁሉ በላይ ገንዳውን በሞላህ ማግሥት ዓሣ አታስገባ። የዓሣ እዳሪ የሚያወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ እየበሉ ጉዳቱ ወደ ቀለለ ነገር የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ባዶ ገንዳ እያዩ መቀመጥ ያሰለቻል፤ የብዙ ጀማሪ ዓሦች የሚሞቱት ግን በዚሁ ችኮላ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ሰማያዊ ዳምሰል የሚባለው ዓሣ እንደ ዕንቁ ያበራል፤ ዋጋውም ከብዙዎቹ ይረክሳል፤ በሽታም ቶሎ አይጥለውም። ጀማሪ ሁሉ እርሱን ያነሣል። ይህ ዓሣ በገባ በሳምንቱ አንድ ጥግ ይይዛል፤ ወር ሳይሞላው ግን ገንዳው በሙሉ ርስቱ ይሆናል። በተፈጥሮው ክፉ ሆኖ አይደለም። በባሕር ውስጥ ባለው የኮራል ዓለት አንዱ ዓሣ ሌላውን ቢያባርረው ተባራሪው ጥቂት ሜትር ርቆ ይሄዳል፤ ጠቡም በዚያው ያበቃል። በ60 ሳንቲ ሜትር መስታወት ውስጥ ግን ተባራሪው ወዴት ይሂድ? ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደ አባራሪው ፊት ነው። ሽሽት በሌለበት ቦታ ትንሽ ቁጣ ቀስ ብሎ የሚገድል ይሆናል። ክንፉ የተቀዳደደና ከማሞቂያው ጀርባ ተሸጉጦ መብላት የተወ ዓሣ ካየህ፣ በሽታ ነው ብለህ መድኃኒት ከመግዛትህ በፊት የሚያባርረው ማን እንደ ሆነ ተመልከት።

ሁለተኛው ማታለያ መጠን ነው። ሪጋል ታንግ የሚሉት ቢጫ ጅራት ያለው ሰማያዊ ዓሣ በመደብር ውስጥ ከአውራ ጣትህ አይበልጥም፤ ሲያድግ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የገንዳህ ግማሽ መሆኑ ነው! ሦስተኛው ደግሞ ሆዱ ነው። ማንዳሪን የተባለው ዓሣ ማንንም አይነካም፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሐረግ የተሳለበት ጥልፍ ይመስላል። ዳሩ ግን ምግቡ በድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ስለ ሆኑ፣ በትንሽ ገንዳ ያሉትን በጥቂት ሳምንት ጨርሶ በዓይንህ ፊት በረኃብ ይከሳል። እንግዲህ ሰላማዊ መሆን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ታዲያ ማንን እንምረጥ? እኔ አስቀድሜ የማስገባው ክላውንፊሽ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተሰኘው ፊልም ዓለም ያወቀውን ብርቱካናማ ባለ ነጭ መቀነት ነው። ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል፤ ተከታዩም ባል ይሆናል። ሴቲቱ የሞተች እንደ ሆነ ባልየው ራሱ ተለውጦ ሴት ይሆናል። (በእኛ ሰፈር ቢሆን ስንት ሽማግሌ በተሰበሰበ ነበር!) ስለዚህ መጠናቸው የሚበላለጥ ሁለት ወጣቶች ግዛ፤ ሦስተኛ አትጨምር፤ ሦስተኛው መባረሩ አይቀርም። በሰው እጅ የተፈለፈሉ ክላውንፊሾች በብዛት ይገኛሉና እነርሱን ጠይቅ፤ ደረቅ ምግብም አይንቁም።

ለሐምራዊ ቀለም ለእኛ ቅርብ ከሆነው ከቀይ ባሕር የሚገኘውን ኦርኪድ ዶቲባክ አመሰግንልሃለሁ። ከቀይ ባሕር በቀር በሌላ ባሕር አይኖርም። ጀርመናዊው ሊቅ ቮልፍጋንግ ክላውዜቪትስ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው በኤላት ይሠራ በነበረው በዴቪድ ፍሪድማን ስም ፍሪድማኒ ብሎታል። ዘመዶቹ ጠበኞች ናቸው፤ እርሱ ግን ከእነርሱ ይልቅ ለዘብ ይላል፤ ርዝመቱም ሰባት ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ፊቱ ሐምራዊ ጀርባው ቢጫ የሆነውን የካሪቢያን ባሕር ሮያል ግራማ ከወደድህም መልካም ነው፤ ሁለቱን ግን ባንድ ጠባብ ገንዳ አታስገባ፤ በመልክም በልማድም ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሌላውን ቀማኛ አድርጎ ያየዋል።

ፋየርፊሽ የሚባለው ጭራው እንደ ፍም የቀላ ዓሣ ዓይን አፋር ነው፤ ሲደነግጥም ከውሃው ዘሎ ይወጣል፤ መክደኛ የሌለው ገንዳ ካለህ ጠዋት ወለሉ ላይ ደርቆ ታገኘዋለህ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስደስተኝ ቢጫው ጎቢ ነው። ይህ ዓሣ ፒስቶል ሽሪምፕ ከሚባለው ትንሽ ፍጥረት ጋራ ባንድ ጉድጓድ ይኖራል። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አሸዋ እየጠረገ ጉድጓዱን ይሠራል። ጎቢው በር ላይ ዘብ ይቆማል። ሽሪምፑ ሲወጣ አንቴናውን ከዓሣው ገላ ሳያነሣ ነው፤ አደጋ የመጣ እንደ ሆነ ዓሣው ጭራውን ያርገበግባል፤ ሁለቱም ይገባሉ። ይህን ለማየት ከቢሮ ቶሎ ወደ ቤት መመለስ አያስወቅስም።

ባንጋይ ካርዲናል ስለሚባለው ባለ ጥቁርና ብር ቀለም ዓሣም አንድ ቃል ልጨምር። አገሩ በኢንዶኔዥያ ያሉት የባንጋይ ደሴቶች ናቸው፤ አባትየው እንቁላሉን በአፉ ይዞ ሳይበላ ይታቀፋል። ለገንዳ ሲባል ከባሕር በብዛት በመዛቁ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት ጋራ ተመዝግቧል። በሰው እጅ የተፈለፈለ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግዛው።

እንግዲህ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ዶቲባክ ወይም ግራማ፣ አንድ ፋየርፊሽ ወይም ጎቢ፤ በድምሩ አራት ዓሣ ለ80 ሊትር ይበቃል። ሁሉንም ባንድ ቀን አታስገባ። መጀመሪያ ዓይን አፋሩ ይግባና ማደሪያውን ይያዝ፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይተህ ደፋሩን አስከትል፤ ክላውንፊሾቹ መጨረሻ ይሁኑ። ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊትም ነጋዴውን «እስኪ አብላልኝና ልየው» በለው። መጥቶ የጎረሰውን ግዛ፤ ከጥግ የማይነሣውን ግን ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያው ተወው። ስለ ኮራሎቹ ብርሃንና ምግብ በሌላ ጊዜ እንጨዋወታለን።