ስለ ቤት ንብረት አጠባበቅ፤ ከሞተር ፊት ስለሚንጠባጠብ ዘይትና ስለ መንቀጥቀጥ ማብረጃው ፑሊ

አንዲት እመቤት በጻፉልን ደብዳቤ አንድ ጥያቄ አቅርበውልናል። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩ የተዉላቸው አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር አለ፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚደርሱበት፥ በባላገር የሚኖሩት እናታቸውም ሲታመሙ ወደ ሐኪም ቤት የሚመጡበት እርሱ ብቻ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መኪናው ባደረበት ስፍራ፥ ከፊት በኩል፥ በድንጋዩ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ይታያል፤ ሞተሩም ሲፈጥን ከዚህ በፊት ያልነበረ መንቀጥቀጥ ያሰማል። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዱት «ሞተሩ አልቋል፥ ይለወጥ» ተባሉ። ዋጋውን በሰሙ ጊዜ መኪናውን ለመሸጥ አሰቡ፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ የሸጡትን በሌላ መተካት ቀላል እንዳልሆነ ያውቃሉና «እውነት ሞተሩ አልቋልን?» ብለው ጠይቀውናል።

ሞተሩን ሳናይ አልቋል ወይም አላለቀም ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን እመቤቲቱ የነገሩን ሁለት ምልክቶች፥ ይኸውም የዘይቱ ነጠብጣብና መንቀጥቀጡ፥ በአንድ ስፍራ የሚገናኙ ስለ ሆኑ፥ ስለ መለወጥ ከመነጋገር አስቀድሞ ያን ስፍራ መመርመር ይገባል። ስፍራውም በሞተሩ ፊት፥ ከማራገቢያው በታች ያለው ትልቁ ፑሊ ነው።

ይህን ፑሊ የሚያይ ሰው ሥራው ቺንጋውን ማዞር ብቻ ይመስለዋል። ሁለተኛ ሥራ ግን አለው፤ እርሱም ከፊተኛው ይበልጣል። በአሮጌው ላንድ ክሩዘር ላይ ያለው፥ ቱ ኤፍ የሚባለውና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ የተሠራው ሞተር፥ 4.2 ሊትር የሚይዝ፥ ስድስት ሲሊንደሮችም በአንድ መስመር የተሰለፉበት ነው። ስለዚህ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት ረጅም ነው። እሳቱ በየሲሊንደሩ በ1፥ 5፥ 3፥ 6፥ 2፥ 4 ተራ ሲነሣ፥ እያንዳንዱ ግፊት ብረቱን ጥቂት ይጠመዝዘዋል፤ ብረቱም ተመልሶ ይፈታል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ 50 ዙር ነው፤ በአንዱ ዙር ሦስት ሲሊንደሮች ስለሚተኩሱ፥ ክራንኩን በየሴኮንዱ 150 ግፊት ይመታዋል ማለት ነው። ይህ ግፊት ብረቱ በተፈጥሮው ከሚርገበገብበት ፍጥነት ጋር የገጠመ እንደ ሆነ፥ መጠምዘዙ እንደ ተመታ የበገና ጅማት ይበረታና፥ ዝም ቢሉት ያን የሚያህል ወፍራም ብረት እስከ መስበር ይደርሳል።

አውቶሞቢል በተጀመረበት ዘመን ስድስት ሲሊንደር ያላቸውን ሞተሮች የሠሩ ሰዎች በዚህ ነገር ብዙ ተቸግረዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር (ከ1868 እስከ 1946 የኖረው) በ1910 ገደማ ይህን መርገብገብ የሚያበርድ መሣሪያ አሰበ፤ ሄንሪ ሮይስም በዚያው ዘመን በራሱ መንገድ ለዚሁ ችግር መድኃኒት ሲፈልግ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ሞተር ላይ የምናየው ከሦስት ነገር የተሠራ ነው፤ በክራንኩ ላይ የሚገባው እምብርት፥ በዙሪያው ያለ የጎማ ቀለበት፥ ከጎማውም ውጭ ከባድ የብረት ቀለበት። ክራንኩ ሲርገበገብ ከባዱ ብረት ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በመካከል ያለው ጎማ እየተለጠጠ መርገብገቡን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ከዚህ ፑሊ በስተኋላ፥ ክራንኩ ከሞተሩ በሚወጣበት ቀዳዳ፥ ባለ ሙያዎች ኦይል ሲል የሚሉት የዘይት ማገጃ ቀለበት አለ። በውስጡ ስስ የጎማ ከንፈር፥ በከንፈሩም ዙሪያ ቀጭን የሽቦ ጥቅልል አለው፤ ከንፈሩ የፑሊውን እምብርት እየላሰ ዘይቱን ያግዳል። ሙቀት በረዘመበት መጠን ከንፈሩ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የወጣው ዘይት በሚዞረው ፑሊ ላይ ይረጫል፤ የፑሊውን ጎማ ደግሞ ዘይት ያለሰልሰዋል፥ ያሳብጠዋል፥ ከብረቱም ያላቅቀዋል። አንዱ ጥፋት ሌላውን የሚወልደው እንዲህ ነው፤ በጥቂት ብር የሚገዛው ቀለበት ቸል ቢባል ዋጋው ብዙ የሆነውን ፑሊ ያበላሻል ማለት ነው።

የፑሊው ጎማ ጨርሶ የለቀቀ እንደ ሆነ የውጭው ብረት ተስፈንጥሮ ራዲያተሩን ሊቀድ፥ ቺንጋውንም ሊበጥስ ይችላል። በዚህ ሞተር ቺንጋው የውሃውን ፓምፕ ስለሚያዞር፥ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ዳገት ላይ ቢበጠስ፥ ነጂው ቶሎ ካላቆመ የሞተሩ ራስ በሙቀት ይጣመማል። በሽተኛ ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ይህን ለመማር የሚመረጥ ስፍራ አይደለም። ደግሞም ሞተሩ ሲሠራ፥ ይልቁንም ቤንዚን እየተሰጠው ሲያጓራ፥ ማንም ሰው፥ ሕፃናት በተለይ፥ በፑሊው አንጻር እንዳይቆሙ አጥብቀን እናሳስባለን።

እመቤቲቱ በቤታቸው ሊያደርጉት የሚቻል ምርመራ አለ። አስቀድሞ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የፊቱን ክፍል አሳጥበው ያድርቁት። ከላይ ካለው የቫልቭ ክዳን የሚወርድ ዘይት እስከ ታች ፈስሶ ከፑሊው የመጣ ሊመስል ይችላልና፥ ሳይታጠብ የሚፈርድ መካኒክ በግምት ይፈርዳል። ከዚያ በኋላ ከእምብርቱ ጀምሮ በጎማው ላይ አልፎ እስከ ውጭው ብረት ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ ይሰመር። ጥቂት ቀን ከነዱት በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ሲታይ መስመሩ ተሰብሮ ቢገኝ፥ የውጭው ብረት ተንሸራቷል፤ ፑሊው መለወጥ አለበት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ከጎን ሆነው ሲያዩት የሚወላገድ ቢሆንም ፍርዱ ያው ነው።

ሥራው ለባለ ሙያ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ባለ ንብረቱ አካሄዱን ካወቀ የሚታለልበት ጥቂት ይሆናል። ሞተሩ አይወርድም። የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፤ ውሃው ተቀድቶ ራዲያተሩ፥ ማራገቢያውና ቺንጋው ይነሣሉ። የፑሊውን ትልቅ ዳዶ ለመፍታት ማርሹ በአራተኛ ገብቶ አንድ ሰው ፍሬኑን ይረግጣል። መፍቻውን ከሻንሲው ጋር አስደግፎ በሞተሪኖ ማስፈታት የሚወዱ አሉ፤ መፍቻው ቢያመልጥ አጥንት ይሰብራልና አይፈቀድላቸው።

ፑሊው የሚወጣው በእምብርቱ ላይ በሚታሰር ማውጫ ነው። ባለ ጥፍሩን ማውጫ በውጭው ብረት ላይ ሰክቶ መሳብ ደኅናውን ጎማ ይገነጥለዋል። ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅም ወድቆ እንዳይጠፋ ይጠበቅ።

አሮጌው ኦይል ሲል ከወጣ በኋላ ሁሉም የሚቸኩልበት፥ እኛ ግን እንዲቆዩበት የምንለምነው ነገር አለ፤ የእምብርቱን ገጽ በጥፍር መዳሰስ ነው። ለብዙ ዓመት ከንፈሩ የላሰው ብረት ጎድጉዶ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ፥ አዲሱ ኦይል ሲል ቢገባም ዘይቱ አይቆምም። አዲስ ሲል ተገዝቶ በወሩ «ዕቃው የማይረባ ነበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ 0.28 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የብረት እጅጌ ይሸጣል፥ በጎደጎደው ላይ ይለበሳል። እርሱ ካልተገኘ፥ ስፍራው የሚፈቅድ ሲሆን፥ ሲሉን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጎ ከንፈሩ ባልተበላው ብረት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል።

አዲሱ ሲል ከንፈሩ ወደ ውስጥ፥ ወደ ዘይቱ ዞሮ፥ ግራሶ ተቀብቶ፥ ስፋቱን በሚያህል ቧንቧ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይገባል። በቱ ኤፍ ሞተር የፊቱ ክዳን ራሱ ተፈትቶ እንደ ሆነ፥ ብሎኖቹ ሳይጠብቁ አስቀድሞ ፑሊው ይግባ፤ ክዳኑን በመካከል የሚያስተካክለው ፑሊው ነውና። ፑሊውን በከባድ መዶሻ መደብደብ ግን የክራንኩን ኩሽኔታ ይጎዳል። ዳዶው ፋብሪካው በወሰነው ልክ፥ ጉልበት በሚለካ መፍቻ ይጠብቃል።

ሌላ ዓይነት መኪና ላላቸው ሁለት ነገር እንጨምር። በብዙ ሞተሮች የእሳቱን ጊዜ የሚያሳየው ምልክት በፑሊው የውጭ ብረት ላይ የተቀረጸ ስለ ሆነ፥ ብረቱ ሲንሸራተት ምልክቱ ይዋሻል፤ መካኒኩም በሐሰተኛ ምልክት እያስተካከለ ሞተሩን ያደክመዋል። በቱ ኤፍ ምልክቱ ከኋላ በፍላይዊሉ ላይ ስለ ሆነ ከዚህ ችግር የራቀ ነው። ሁለተኛውም፥ በመልክ የሚመሳሰል ፑሊ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የአሜሪካው ፎርድ 5 ሊትር ሞተር የፊተኛው ዓይነት የ28፥ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያለው ደግሞ የ50 አውንስ ማመዛዘኛ ያለው ፑሊ ይፈልጋል፤ የአንዱ ለሌላው ቢገባ መንቀጥቀጡ ከፊተኛው ይብሳል።

እመቤቲቱ መኪናውን ሲረከቡ አሮጌው ሲልና፥ ተለውጦ ከሆነ፥ አሮጌው ፑሊ እንዲመለስላቸው ይጠይቁ፤ ጎማውንም በዓይናቸው ይዩት። ሥራው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ዘይቱ ዳግመኛ ቢታይ፥ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ እንደ ሆነ ያስመርምሩ፤ መውጫ ያጣው ትንፋሽ አዲሱንም ሲል ገፍቶ ዘይት ያስወጣልና። ቱቦው በቤንዚን ታጥቦ ደርቆ ይመለሳል፤ የዘይቱም ልክ እስከዚያው ድረስ በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሣ በመለኪያው ዘንግ ይታይ።