የአስታማሚ ዕረፍት ከወረቀት ይጀምራል

በአንድ ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ሲኖር ዘመድ፣ ወዳጅና ጎረቤት ብርቱካኑን ወይም ዳቦውን ይዞ እየመጣ «እንዴት አደረ? ዛሬስ ቀለል አለው?» ብሎ መጠየቁ የቆየ መልካም ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያነጋችውን አስታማሚ «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» የሚላት እምብዛም አይገኝም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርሷ ነው።

አስታማሚዋ ብዙውን ጊዜ ሚስት፣ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ማገላበጡና ልብስ መቀየሩ በዓይን የሚታይ ድካም ነው። ከዚህ ሌላ ግን የማይታይ ሸክም አለባት። ይኸውም የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ብቻዋን በሐሳቧ ይዛ መዞሯ ነው። የካርዱን ቁጥር፣ የቀጠሮውን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የጡረታውን ጉዳይ፣ የዕድሩን መዋጮ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። አባወራው በእኩለ ሌሊት ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል ቢወሰድ ሐኪሙ ቶሎ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» የሚለው ነው። ማዘዣው በእጅ ቦርሳ፣ የራጁ ፊልም ከፍራሽ ሥር፣ የላቦራቶሪው ውጤት በፌስታል ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥን አናት ላይ ከሆነ መልሱ በጊዜው አይገኝም። የአስታማሚ ጭንቀት ከሕመሙ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ዓይነቱ ፍለጋም የሚመጣ ነው።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በአንድ ክላሰር ማስያዝ ነው። ክላሰሩን በአራት ክፍል መለየት ይበቃል።

አንደኛው የሕክምናው ክፍል ነው። የሕክምና ካርድ፣ የምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሪፈር ወረቀትና ደረሰኝ በየቀናቸው ቅደም ተከተል ይቀመጡበታል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ በኋላ በብዙ ቦታ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ የአባልነት ደብተሩን ከዚሁ ጋር ያኑር። አባልነቱ በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ የሚታደስበት ወር በጉልህ ይጻፍ። ወደ ሆስፒታል ለመሄድም በቅድሚያ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝ እንደሚያስፈልግ አይዘንጋ።

ሁለተኛው የመታወቂያው ክፍል ሲሆን፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች ይገኙበታል። ሦስተኛው የገቢና የንብረት ነው፤ የጡረታ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የግብር ደረሰኝ ይያዙበታል። አራተኛው የዕድር፣ የዕቁብና የብድር ጉዳይ ነው። ማን ለማን ምን ያህል እንዳበደረ የሚያውቀው ሕመምተኛው ብቻ ከሆነ በኋላ ጠብ ማስነሣቱ አይቀርም።

ከሁሉም በላይ ከክላሰሩ ፊት አንድ ገጽ ይኑር። በዚህ ገጽ ላይ የሕመምተኛው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ያለበት ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒት ከመጠኑና ከሰዓቱ ጋር፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ በችግር ጊዜ የሚጠሩ የሁለት ሰዎች ስልክ ይጻፍ። ዋናዎቹን የመታወቂያና የንብረት ሰነዶች በቁልፍ አስቀምጦ በክላሰሩ ውስጥ ፎቶ ኮፒያቸውን መያዝ ይመረጣል። የባንክ የምሥጢር ቁጥር ግን በዚህ ውስጥ ፈጽሞ መጻፍ የለበትም።

ወረቀቶቹ በሚሰበሰቡበት ጊዜ ሁለት ነገሮችን ማስተያየት ይገባል። የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። በአንዱ ወረቀት «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ፣ ወይም በአንዱ የክርስትና ስም፣ በሌላው የቤት ስም ገብቶ እንደሆነ ባለጉዳዩን የሚያመላልስ ምክንያት ይሆናል። ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ መናገር በሚችልበት ጊዜ ማስተካከሉ ቀላል ነው። ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። አንዳንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ቀጠሮው የትኛው እንደሆነ እዚያው ሐኪሙን ወይም ነርሷን ጠይቆ ከጎኑ መጻፍ ያስፈልጋል።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሸሸው ነገር ይመጣል። አስታማሚዋ «ካርታው የት ነው? ብድርስ አለብን?» ብላ ብትጠይቅ «ገና ሳይሞት ሞቱን ትመኛለች» መባልን ትፈራለች። በተለይ ምራት ከሆነች ሐሜቱ ይበረታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝምታው ግን ሕመምተኛውንም ሆነ ቤተሰቡን አይጠቅምም። ሕመሙ አንደበትን ወይም አእምሮን የያዘ ዕለት መጠየቅም መፈረምም አይቻልምና።

ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ጉዳዩን በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ ማድረግ ነው። ልጆችና ቅርብ ዘመዶች ባሉበት፣ ሕመምተኛው ደኅና በሆነበት ቀን፣ አንድ የተከበሩ የቤተሰብ ሽማግሌ ወይም ጎረቤት ነገሩን ያንሡት። «እርስዎን ለማስታመም እንዲመቸን ወረቀቱን እናስተካክል» ቢባል የሚቀየም ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ያየውና የሰማው ነገር ሐሜትን ያስቀራል፤ አስታማሚዋንም ከጥርጣሬ ያድናታል።

በዚሁ ቀን ሦስት ነገሮች ቢነሡ መልካም ነው። አንደኛው ውክልና ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ሲሆን፣ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚቀር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለም ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ እንደሚያበቃ ማወቅ ይገባል። ሕመምተኛው መንቀሳቀስ ካልቻለ ሠራተኛ ካለበት መጥቶ የሚያስፈርምበት አገልግሎት እንዳለ የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ሊፈረም ይገባዋል። ምስክሮቹም ከውርሱ ተካፋይ ያልሆኑ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ሦስተኛው ጋብቻ ነው። በሽማግሌ ወይም በሃይማኖት ሥርዓት ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው ባለትዳሮች ሁለቱም በሕይወት ሳሉ የምስክር ወረቀቱን ቢይዙ፣ የቀረው ወገን ጋብቻውን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይድናል።

ወረቀቱ በዚህ መልክ ከተሰበሰበ ሌላ ጥቅም ያስገኛል። ሥራው ለሌላ ሰው ሊሰጥ የሚችል ይሆናል። ክላሰሩን ያየ ወንድም ቀጠሮ ይዞ መሄድ ይችላል፤ መድኃኒቱን በጽሑፍ ያየች የእኅት ልጅ በሰዓቱ መስጠት ትችላለች። በዚህ ረገድ አንድ የቆየ ጥናት የሚያስተምረን ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ስቲቨን ዛሪትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር በእርጅና የመርሳት ሕመም የያዛቸውን አረጋውያን የሚያስታምሙ 29 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። የአስታማሚዎቹን ሸክም የሚያከብደው የሕመምተኛው ጠባይ መክፋት ይመስላል። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ሸክሙ ቀሎ የተገኘው ሌሎች የቤተሰቡ አባላት ሕመምተኛውን አዘውትረው በሚጠይቁበት ዘንድ ነበር። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለታቸው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ጠያቂው ተቀምጦ አስታማሚዋ ቡና የምታፈላለት ከሆነ ጥየቃው ራሱ ሌላ ሥራ ይሆንባታል። ስለዚህ ጠያቂዎች ሆይ፣ ከብርቱካኑ ይልቅ ሁለት ሰዓት ስጧት። እናንተ ከሕመምተኛው ዘንድ ቁጭ በሉ፤ እርሷ ገላዋን ትታጠብ፣ ትተኛ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያኗ ወይም መስጊዷ ደርሳ ትምጣ።

እናንተም አስታማሚ እኅቶች፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝጋት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ለሳምንታት ከቆየባችሁ «ስንፍና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሕመምተኛውን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ በሄዳችሁበት ቀን ለራሳችሁም ካርድ አውጥታችሁ ታከሙ። በመሥሪያ ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል እወቁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይሠራም። በዚህ ሳምንት የፊተኛዋን ገጽ ብቻ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቶቹን ለዩ። ከዚያም በአንዱ እሑድ ቤተሰቡን ሰብስቡ። ክላሰሩ ያለበትን ቦታ ከአስታማሚዋ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይወቁት። ይህ የታወቀ ዕለት እርሷም ያለ ሐሳብ አንድ ሌሊት ማደር ትችላለች፤ እርሷ ስትበረታም ሕመምተኛው ይጠቀማል።